ጫጫታ የለመደች ልጅ

አንድ መጫወቻ ለሕፃን ይሁን አይሁን ለማወቅ መጀመሪያ እኔ አፌ ውስጥ እከተዋለሁ። አጥቤ ነው እንጂ እንዲያው አይደለም። የድቡን ጆሮ አኝካለሁ፣ የዳክዬዋን መንቆር እስባለሁ፣ የመኪናውን ጎማ በጥርሴ ይዤ እጎትታለሁ። ጎማው ከወጣ ያ መኪና ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሸጥም። ቀለሙ ምላሴ ላይ ከቀረ ደግሞ ለማንም አይሸጥም። ሱቃችን መቀሌ ውስጥ ከሮማናት አደባባይ ገባ ብላ ነበረችና አላፊ አግዳሚው ሻሽ ያሰረች ወፍራም ሴትዮ ባንኮኒ ኋላ ቆማ የድብ ጆሮ ስታኝክ ሲያይ ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። ያስብ። ሕፃን ዕቃን የሚያውቀው በአፉ ነው፤ ስለዚህ የሚመርጥለትም ሰው በአፉ መምረጥ አለበት።

ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። መቀሌ የመጣሁት ደርግ ወድቆ መንገዱ በተከፈተ ሰሞን፣ በትዳር ነው። ባሌም ያገሬ ልጅ ነው፤ ቀድሞኝ መጥቶ ጨርቅ ሲነግድ ቆየና ጨርቅ ነጋዴው ሲበዛበት ወደ ልጆች መጫወቻ ዞረ። ሥራውን ተከፋፈልነው። እሱ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ድረስ ሄዶ ዕቃ ያመጣል፣ እኔ እሸጣለሁ። የእሱ አመራረጥ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ የሚጮኽ ይሁን። መርካቶ ቆሞ ባትሪ ድንጋይ እያስገባ ይሞክርና ዝም ያለውን ይመልሳል። «ልጅን የሚጠራው ድምፅ ነው» ይላል። «ልጁ ድምፁን ሰምቶ ይመጣል፣ እናቱ ልጁን ተከትላ ትመጣለች።» እውነቱን ነበር። ያናደደኝም እሱ ነው።

በዚህ አመራረጥ ሱቁ ምን እንደሚመስል ገምቱት እንግዲህ። ሆዷን ሲጫኗት የምታለቅስ አሻንጉሊት አለች፣ ጡሩንባ አለ፣ ፊሽካ አለ፣ ከበሮ አለ፣ ኦርጋን አለ። ሲወዘውዙት የሚንሿሿ የአራስ ልጅ መጫወቻ አለ፤ እኛ ሱቅ «ሽክሽክ» እንለዋለን። ከሁሉም የከፋው ግን አንድ አምቡላንስ ነው። ማብሪያው ከመርካቶ ሲመጣ ጀምሮ የተበላሸ ነበርና ማንም ሳይነካው ድንገት ይነሳና መንገድ ልቀቁልኝ ብሎ ይጮኻል። ባሌ ይጠገናል እያለ አልጥልም አለ፤ እኔ ለሰው አልሸጥም አልኩ። በዚህ የተነሳ ከእኛው ጋር ኖረ።

ከጎናችን የፕላስቲክ ጫማ የሚሸጡ ትልቅ ሴት ነበሩ። መቀሌ እንደሚባለው «ኣደይ» እላቸዋለሁ፣ እናቴ እንደማለት ነው። እሳቸው ደግሞ «ጓለይ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይናገሩም። ሱቁ የተከፈተ ዕለት መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ፣ ጫጫታውን አዳመጡ፣ ከዚያ «ጓለይ፣ ይህ ሱቅ ነው ወይስ መናኸሪያ?» አሉኝ። በሚቀጥለው ቀን ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ አድርገው መጡ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጫጫታው ተናግረውኝ አያውቁም።

ከደንበኞቼ አንዷ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ፋይል ሳታቅፍ አይቻት አላውቅም። መጀመሪያ የመጣች ዕለት ፊደል ያለበት መጫወቻ ጠየቀችኝ።

«ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው?» አልኳት።

«ስምንት ወሩ ነው።»

«ታዲያ ፊደሉን ምን ሊያደርገው ነው?»

«ቃላሚኖ እንዲገባ ነው፣ ሓፍተይ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው።

ቃላሚኖ ጎበዝ ጎበዙ ብቻ ተመርጦ የሚገባበት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ያውም ሁለተኛ ደረጃ። ልጁ ገና ድዱን እየበላው በእናቱ የፋይል ክር ያክከዋል። ብከራከራት እንደማታዳምጠኝ አየሁና ፊደል የተጠለፈባቸው የጨርቅ ኩቦች ሰጠኋት። ጨርቅ ነው፣ ቢያኝከው አይጎዳውም፣ ቢወረውረውም ማንንም አይፈነክትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ ሀ እና ለን መጨረሱን ነገረችኝ። መጨረስ ያለችው ክሩን በድዱ መተርተሩን ነው።

በዚያው ዓመት እኔም ወለድኩ። ሴት ልጅ፣ አልሐምዱሊላህ። አርባ ቀኔን ጨርሼ ሱቅ ስመለስ እሷንም ይዣት መጣሁ። አልጋ አላስፈለገኝም፤ ከመጫወቻ ካርቶኖቹ ሰፊውን መርጬ፣ ውስጡን ብርድ ልብስ አንጥፌ፣ ባንኮኒው ሥር አስተኛኋት። ካርቶኑ ላይ የብርጭቆ ሥዕል ነበረበት፣ ሲያነሱት ተጠንቀቁ የሚለው ዓይነት።

ተኛች። እንዴት ያለ እንቅልፍ መሰላችሁ። ልጆች ገብተው ከበሮውን ይደልቃሉ፣ እሷ ትተኛለች። አንዱ ጎረምሳ ጡሩንባ ሊሞክር ከራስጌዋ ይነፋል፣ እሷ ትተኛለች። አምቡላንሱ ተነስቶ ሰፈሩን ያምሳል፤ እሷ ከንፈሯን አጣጥማ ትተኛለች። ስትነቃም አታስቸግርም። ካርቶኗ ውስጥ ሆና ጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉትን ፊኛዎች እያየች ትስቃለች። የመጣ ሁሉ ማሻአላህ ይላል። «የሱቅ ልጅ ናት፣ ጫጫታ ለምዳ ነው የተወለደችው» እላለሁ እኔ። ስል ደግሞ ደረቴን ነፍቼ ነው።

ይባስ ብዬ መካሪ ሆንኩ። ልጄ አልተኛ አለኝ የምትል እናት ሁሉ ወደ እኔ ትላካለች። እኔም ካርቶኑን እያሳየሁ አስተምራለሁ፤ ጥፋቱ የእናንተ ነው፣ ቤቱን ጸጥ አደረጋችሁት፣ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ በጫጫታ መሃል መተኛት አለበት እላለሁ። ባለፋይሏም መጣች። ልጇ ማንኪያ ሲወድቅ እንኳ ይነቃል። አንድ ፊሽካ ሰጠኋትና «ሲተኛ ከአጠገቡ ሆነሽ ንፊለት፣ በሳምንት ይለምደዋል» አልኳት። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ቀልቶ መጥታ ፊሽካውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ልጁ አልለመደውም» አለች። «ባሌም አልለመደውም።»

«ረፍዶበት ነው» አልኳት። «ከአራስነቱ መጀመር ነበረብሽ። ለሁለተኛው ታደርጊዋለሽ።»

ይህን ስናገር ምንም አልመሰለኝም።

ልጄ ስድስት ወር ሲሆናት ኣደይ ከጫማቸው ተነስተው መጥተው ካርቶኑን ጎንበስ ብለው አዩ። «ጓለይ፣ ስጠራት አታየኝም» አሉኝ። እኔ ደግሞ ልጄን የነካብኝ ሰው አልወድም። «በትግርኛ ስለሚጠሯት ነው» አልኳቸው። እሳቸውም እሺ ብለው ጫማቸው ጋ ተመለሱ። ሁለት ጊዜ አይናገሩም ብያችሁ የለ።

ዓመት ሞላት፤ እማማ አላለችም። ዓመት ከሦስት ወር ሞላት፤ ምንም አላለችም። ምክንያት ግን ሞልቶ ነበር። እናቷ አማርኛ ታወራለች፣ መንገዱ በሙሉ ትግርኛ ነው፤ ተምታቶባት ነው ተባለ። እዚህ ከተማ በሁለት ቋንቋ መሃል ያደገ ልጅ አፉን ዘግይቶ እንደሚፈታ ያልነገረኝ ሰው የለም። «ሁለቱን እያመዛዘነች ነው» አለ ባሌ። አማቴ ከደሴ «አባቷም በሦስት ዓመቱ ነው አፉን የፈታ» ብለው ላኩብኝ። እሱ አፉን ከፈታ ወዲህ ዘግቶት ስለማያውቅ ይህ አጽናናኝ።

ግን ውሸት አልናገርም። ሆዴ ያውቅ ነበር። ከኋላዋ ስገባ እንደማትዞር፣ ጥላዬ ከፊቷ ሲያርፍ ግን እንደምትዞር አይቻለሁ። አይቼ ወዲያው እረሳዋለሁ፤ ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት እውነት ነው። አንድ ቀን እጄ ሽክሽክ አንስቶ ከኋላዋ ሊወዘውዝ ሲል ራሴ መልሼ አስቀመጥኩት። ምን ያስፈልጋል አልኩ። ልጅቷ ጫጫታ ለምዳለች፣ ስለለመደችው አትዞርም፤ አለቀ።

ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲሆናት አንድ ረፋድ ላይ ባለፋይሏ ልጇን አስከትላ መጣች። ልጁ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ እናቱ ደግሞ ወደ ማይጨው ልትዛወር ነው፤ ለጉዞው የሚይዘው መጫወቻ ልትመርጥለት ነው የመጣችው። ልጄ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጀርባዋን አንድ ካርቶን ላይ ተደግፋ የፕላስቲክ ስኒዎች ትደራርባለች። ካርቶኑ ውስጥ ያ አምቡላንስ ነበር። እኔ ራሴ ነኝ ከዓይኔ ይራቅ ብዬ ከሌላ ዕቃ ጋር የከተትኩት።

ተነሳ። ካርቶን ውስጥ ሆኖ ሲጮኽ ደግሞ ይብሳል። የሴትዮዋ ልጅ በድንጋጤ ሱሪው ላይ ሸና፣ ከዚያ ለቅሶውን ለቀቀው። እናቱ በአንድ ክንዷ እሱን፣ በሌላው ፋይሏን አንጠልጥላ «ቀይሬው እመጣለሁ» እያለች እየሮጠች ወጣች። አልተመለሰችም፤ ወደ ማይጨው ከመሄዷ በፊት ያየኋት ለመጨረሻ ጊዜ ያኔ ነው። እኔም ጆሮዬን ይዤ ወደ ካርቶኑ ስዞር ልጄን አየኋት። ስኒዎቿን ትታ ወደ ካርቶኑ ዞራለች። ሁለት መዳፏን ለጥፋበት፣ ከዚያ ጉንጯን ለጥፋበት፣ ትስቃለች።

«ሰማች!» አልኩ። ባዶ ሱቅ ውስጥ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ያን ያህል ጊዜ ይህችን ቃል ለመናገር ስጠብቅ እንደኖርኩ የገባኝ ከአፌ ስትወጣ ነው።

ኣደይ ጩኸቱ ሲበዛባቸው ገብተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ካርቶኑን ከፈቱ፣ አምቡላንሱን አወጡ፣ እየጮኸ እያለ ልጄ ማጅራት አጠገብ አየር ላይ ያዙት። ከጆሮዋ አንድ ስንዝር አይርቅም። ልጄ አልዞረችም። እሷ የምታየው ካርቶኑን ነው፤ ቅድም ሲንቀጠቀጥ የነበረው ለምን ዝም እንዳለ ግራ ገብቷት በመዳፏ መታ መታ ታደርገዋለች። ኣደይ አምቡላንሱን ገልብጠው ባትሪ ድንጋዩን አወጡና ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

«ጓለይ» አሉኝ።

በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘጋሁት። ሱቁ ውስጥ ድምፅ ያለው ዕቃ ሁሉ ተራ በተራ ከልጄ ኋላ ተሰለፈ። ፊሽካውን ነፋሁ፣ ጡሩንባውን ነፋሁ፣ የምታለቅሰውን አሻንጉሊት አስለቀስኩ፣ ዳክዬዋን ጨመቅኩ። ከበሮውን አንጠልጥዬ ስመታው አልዞረችም፤ መሬት ላይ አስቀምጬ ስመታው ዞራ አየችኝ። ወለሉ ነው የነገራት። እንደገና አንጠልጥዬ መታሁት፣ እንደገና አልዞረችም። ያንን ሁሉ ዕቃ አንድ በአንድ ስሞክር አንድ ጊዜ እንኳ አላለቀስኩም፤ ስጨርስ ግን እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ልጄ ከፊቴ መጥታ እንባዬን በጣቷ ነካችውና ቀመሰችው።

መጀመሪያ እዚሁ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ወስደን አስመረመርናት። ሁለቱም ጆሮዎቿ አይሰሙም። ሐኪሙ ወረቀቱን እየጻፈ «እስካሁን ምንም አልጠረጠራችሁም?» ብሎ ጠየቀኝ።

«መጫወቻ ሱቅ ነው ያለን» አልኩት።

ብዕሩን ይዞ ጠበቀኝ። ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም ይባላል፤ እኔ ግን ለራሴ አለማወቄ ሳያንስ የሰዉን ልጅ ሁሉ በፊሽካ ሳክም ነበር።

ባሌ ሐዘኑን በአፉ የሚያወጣ ሰው አይደለም፣ ሌላውን ሁሉ ያወራል እንጂ። በሚቀጥለው ጉዞው መርካቶ ገብቶ የማይጮኽ ዕቃ ብቻ ለቅሞ መጣ። የእንጨት ኩብ፣ የጨርቅ ድብ፣ የሚገጣጠም ሥዕል፣ ኳስ። ካርቶን በካርቶን ዝምታ ጭኖ መጣ። የሚጮኸውን ዕቃ በሙሉ ወደ ኋላ መደርደሪያ ሰቀለው። ደንበኞች ገብተው ዙሪያውን ያዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምን ሆናችሁ?» ይላሉ። ለቅሶ ቤት የገቡ ነው የሚመስላቸው፤ እርግጥ ነው፣ ነበርን።

እኔም ሕግ አወጣሁ። ድምፅ ያለው ምንም ነገር ልጄ እጅ አይገባም አልኩ። የሚሾፍባት ነው የሚመስለኝ። እንኳን ጡሩንባ፣ ሽክሽክ ይዛ ሳያት ደሜ ይፈላል። ኩቦቹን ከፊቷ እደረድርላታለሁ፤ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ልጅ የሚሆነው ትክክለኛ መጫወቻ ኩብ ነው፣ እጅና ዓይንን ያስማማል። ልክ ነኝ። ልጄ ግን ኩቦቹን በእግሯ ገፋ አድርጋ ትነሳለች።

አንድ ቀን ዞር ስል ከኋላ ካለው ዝቅተኛ መደርደሪያ ቢጫውን ኦርጋን ጎትታ አውርዳለች። ትንሽ ናት፣ የሁለት መዳፍ ስፋት አላት፣ አንድ ቁልፏ የተሰበረ። አገጯን እላይዋ ላይ አድርጋ ዳር ያለችውን፣ ወፍራም ድምፅ ያላትን ቁልፍ ተጭናለች። ነጠቅኳት። ያን ቀን ያለቀሰችውን ለቅሶ በሕይወቷ አልቅሳ አታውቅም። ያቺ ጨዋ ልጅ፣ ያቺ የማታስቸግር፣ መሬት ላይ ተንፈራፈረች። የራሷን ለቅሶ አትሰማው፤ ማባሪያውንም አላወቀችውም።

ኣደይ ጥጣቸውን ከጆሯቸው እያወጡ ገቡ።

«ለምን ነጠቅሻት?»

«አይሆናትማ!» አልኳቸው። «አይታይዎትም? ለሚሰማ ልጅ የተሠራ ነው።»

«ጓለይ፣ መጫወቻው የማን ነው? የእሷ ነው ያንቺ?»

ተናደድኩ። አንድ ጫማ ሻጭ መጫወቻ ሊያስመርጡኝ ነው አልኩ በሆዴ። ግን ልጄ አልቆም አለች፤ ሌላ መላ ስላጣሁ ኦርጋኑን መለስኩላት። ወዲያው ዝም አለች። አገጯን ለጠፈች፣ ያቺን የዳር ቁልፍ ተጫነች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ምን አደረገች መሰላችሁ፤ ተነስታ ኦርጋኑን አምጥታ የእኔ ደረት ላይ ለጠፈችውና ቁልፉን ተጫነችልኝ። ይሰማሽ እንደሆን እያለች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ደረቴ ውስጥ ተንዘረዘረ። ያን ያህል ጊዜ ኦርጋን ስሸጥ እንደዚህ እንደሚያደርግ አላወቅኩም ነበር፤ በአፌ ሞክሬዋለሁ፣ በደረቴ ግን ሞክሬው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ኦርጋኗን ማንም አይነካም። ባሌ እንኳ አይነካትም። መሬት ላይ ተቀምጣ ትጫወታለች፣ ሲያሰኛት ለኣደይ ትወስድላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ ጥጣቸውን ሳያወጡ ደረታቸውን ይሰጧታል።

የሱቁም ሥራ በዚያው ተለወጠ። የሚጮኹትን ዕቃዎች መልሰን ከፊት ሰቀልናቸው፤ የሰው ልጅ ምን በደለ። ግን አራስ ይዞ ለመጣ ሁሉ ሽክሽክ ከመሸጤ በፊት ከሕፃኑ ኋላ ቆሜ እወዘውዘዋለሁ። ድምፁን ይወደው እንደሆን ልየው ነው እላለሁ፣ ሌላውን አልናገርም። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ ከኋላ የቆመ ሰው የሕፃኑን ዓይን አያይም። እናቶቹን እንዳልጠይቅ ደግሞ እነሱ ይዋሻሉ። ልጁ ዝንብ ሲያይ «ዞረ፣ ዞረ» ይላሉ። እኔም እንዲያ ነበርኩ፣ አልፈርድባቸውም።

ይህን ችግር የፈታችው ልጄ ናት። አራት ዓመት ሞልቷታል። ሽክሽኩን ሳነሳ ከሕፃኑ ፊት ሄዳ ትቆማለች፣ ማንም አልነገራትም። ዓይኑን ታያለች። ድምፅ የሰማ ልጅ ዓይን መጀመሪያ ይቆማል፣ ከዚያ ይፈልጋል፤ እሷ ከእኛ ከምንሰማው ይልቅ ይህን ታውቀዋለች። ዓይኑ ከፈለገ አገጯን ወደ ላይ ታነሳልኛለች። ያኔ ዕቃውን እጠቀልላለሁ። ስንቱን ሕፃን እንዲህ አሳለፍን፤ ሁሌም አገጯ ይነሳል፣ ሁሌም ትንፋሼ ይመለሳል።

የጫጫታውን ምክር ከእኔ ወስደው ለነበሩት እናቶች፣ ሱቅ ሲመጡ ስህተት እንደነበር ነግሬያቸዋለሁ። ያልመጡትን ግን ፍለጋ አልሄድኩም። ሰፈራቸውን አላውቅም እያልኩ ነበር፤ ውሸት ነው፣ አፍሬ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ባለፋይሏ መጣች። ከማይጨው ተመልሳ ተዛውራለች፣ ሰሜን በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይተዋል፣ ትልቁ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል። ፋይሏን ዛሬም ታቅፋለች፣ በሌላው ክንዷ ደግሞ አንድ ሰባት ወር የሚሆነው የሚያምር ሕፃን ይዛለች። ልጁ ጣሪያው ላይ ያሉትን ፊኛዎች እያየ ይስቃል። ሳመችኝ፣ ፊቷ ያበራል።

«ይህኛው ከፊተኛው ጋር አይገናኝም፣ ሓፍተይ» አለችኝ። «ምክርሽን ሰምቼ ከአራስነቱ ጀምሬ ሬዲዮ ከራስጌው አድርጌ ነው የማስተኛው። ሠራልኝ። ወንድሙ አጠገቡ ኳስ ቢያነጥር አይነቃ፣ በር ቢወረወር አይነቃ። ጨዋ ነው፣ ጭራሽ አያስቸግርም።»

«እዚህ አስቀምጪው» አልኳት ሽክሽኩን እያነሳሁ። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችውና በሁለት እጇ ወገቡን ያዘችው። ከኋላው ዞርኩ። ልጄ በርጩማዋን ስባ ከፊቱ ቆመች።

ሽክሽኩን ወዘወዝኩ። ልጄን አየኋት፤ አገጯ አልተነሳም። ጠንከር አድርጌ ወዘወዝኩ። አልተነሳም። እናቱ ስለ ማይጨው የቤት ኪራይ ችግር ታወራለች። ከመደርደሪያው ፊሽካ አወረድኩና ነፋሁ፤ እሷ ራሷ ደንግጣ ሳቀች። የልጄ አገጭ አልተነሳም። ሕፃኑን ትቶ ዓይኗ ወደ እኔ መጣ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ሕፃኑ ሄደ።

ከበርጩማዋ ወረደች። ባንኮኒው ሥር ገብታ ቢጫዋን ኦርጋኗን አወጣች፣ ያችን ማንም የማይነካትን። ተመልሳ ወጥታ የሕፃኑ ደረት ላይ ለጠፈችለትና የዳሯን ቁልፍ ተጫነችለት። ሕፃኑ ቀጥ አለ። ዓይኑ ሰፋ፣ ሁለት እጁን ኦርጋኑ ላይ አሳረፈ፣ ከዚያ ሙሉ ሰውነቱ እስኪነቃነቅ ድረስ ሳቀ። ልጄም ሳቀች። የእሷን ቢጤ ስታገኝ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

«አየሽው?» አለች እናቱ በደስታ። «ሰማ!»

«ቁጭ በይ፣ ሓፍተይ» አልኳት በርጩማውን እየገፋሁላት። «እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር።»